እህቴ ያረሰችው መሬት

ማሳችን ከዘንገና ሐይቅ ብዙ አይርቅም። ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው አስፋልት ትንሽ ከተሄደ በኋላ የሚገነጠል የእግር መንገድ አለ፤ በቀርከሃ አጥሮች መካከል ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ዳገት ይወጣል። ዳገቱ ላይ ያለው የእኛ ነው። ላይኛው ገብስ ይዘራበታል፣ ታችኛው ድንች። በሁለቱ መካከል አባታችን ለከሰል ብለው የተከሏቸው የደከረንስ ዛፎች በተርታ ቆመዋል። አላፊ አግዳሚ ቆም ብሎ የሚያየው ነገር የለውም፤ እንደ አካባቢው መሬት ሁሉ ቀይ አፈር ነው፣ ሲዘንብ እግር ይይዛል።

ሰው ቆም ብሎ ያይ የነበረው አራሿን ነው። ያን መሬት ከሃያ ዓመት በላይ ያረሰችው እህቴ ናት።

እናታችን የሞተችው እኔ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። አባታችንን ደግሞ ፈረስ ጣላቸው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ሲጫወቱ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሻቸው፣ ጠበል ተጠመቁ፣ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ቆመው አያውቁም፤ እየቆየ ምርኩዙም አልሆን አላቸውና መደብ ላይ ዋሉ። ቤቱን የሚይዝ ሰው ቢባል አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት እህቴ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያውን ዓመት መሬቱን ለእኩል ሰጠነው። የተቀበለን ሰው የራሱን አርሶ፣ የዘመዱን አርሶ፣ ሲደክመው ነበር ወደ እኛ የሚመጣው። ገብሱ ዘግይቶ ተዘራ፣ ውርጭ መታው። በዚያ ዓመት ምን ምን እንደበላን አላስታውስም። የማስታውሰው እህቴ ለአባታችንና ለእኔ አቅርባ ስታበቃ፣ "እኔ ቅድም በልቻለሁ" እያለች ሳህኗን ማጠቧን ነው።

በሚቀጥለው መጋቢት አንድ ማለዳ ሞፈርና ቀንበሩን ከጓሮ አወጣችና ሁለቱን ባዝራዎቻችንን፣ ዳማዋንና አምባላይዋን፣ ጠመደች። እኛ አገር በፈረስ ማረስ የተለመደ ነው። ሴት ስታርስ ግን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሌላም ያየ ሰው አልነበረም። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች መንገዱ ላይ ቆሙ። አንዱ ጮክ ብሎ፣ "እዚህ አገር ወንድ አለቀ እንዴ?" አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እህቴ ቀና ብላ አላየቻቸውም። እርፉን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ ሙሉ ሰውነቷን ጭናበት ነበር የምትገፋው፤ ማረሻው አንዴ ጠልቆ ይቀረቀራል፣ አንዴ ከአፈሩ ይወጣና ሣሩን ብቻ ይልጣል።

ያን ጊዜ አበልጃችን መጡ። መሬታቸው ከእኛ ጋር ይዋሰናል፤ እህቴን ክርስትና ያነሷት ሚስታቸው ናቸው። ኮስተር ያሉ ሰው ስለነበሩ ሊቆጧት የመጡ መሰለኝ፤ ሮጬ ከደከረንሱ ሥር ተደበቅሁ። እሳቸው ግን ካጠገቧ ቆሙና በአውኚ፣ በቤት ቋንቋችን፣ ቀስ ብለው ተናገሯት።

"እርፉን አትጫኚው ልጄ። ማረሻው መሬቱን ራሱ ያገኘዋል። አንቺ አቅኚው ብቻ።"

"እሺ አባቴ" አለች።

እስከ ቀትር ከጎኗ ሲመላለሱ ዋሉ። መንገድ ላይ የቆሙት ሰዎች የሚስቁበት ነገር ሲያጡ ወደ ገበያቸው ሄዱ።

በዚያ ቀን እጆቿ ውኃ ቋጥረው ገባች። አባታችን ከመደቡ ላይ ሆነው፣ "ትልሙ ቀና?" ብለው ጠየቋት።

"ቀና" አለች።

እኔ ቀበል አድርጌ፣ "ጠማማ ነው! እባብ የሄደበት ይመስላል!" አልኩ። አባታችን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። እህቴም ውኃ በቋጠረ እጇ አናቴን ኮረኮመችኝና አብራ ሳቀች።

ትልሙ በዓመቱ ቀና። በሦስተኛው ዓመት ወንዶች በወንፈል ሲጠራሩ እሷንም ይጠሯት ጀመር፤ አንድ ቀን እሷ ለእነሱ፣ አንድ ቀን እነሱ ለእሷ። አንድ ጊዜ ከወዲያ ማዶ ሽማግሌዎች ለጋብቻ መጡ። ሰውየው መልካም ሰው ነው ተባለ። እህቴ ነጠላዋን ደርባ ወጣችና፣ "እኔ ስሄድ እዚህ የሚያርስ ማነው?" ብላ ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ አባታችን መሬት መሬት አዩ። ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ፤ ተመልሰውም አልመጡ። እሷም ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሳችም።

ወንዱ ልጅ እኔ ነኝ፤ ማረስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እርፉን ከእጇ ልቀበል ሞክሬ ነበር። "ደብተርህን ያዝ" አለችኝ፤ "እዚህ ቤት አንድ ገበሬ አለ፤ ይበቃል።" ድንቹን በባዝራዎቹ ጭና እንጅባራ እያወረደች፣ እዚያው ቤት ተከራይታልኝ አስተማረችኝ። ኮሌጅ ስገባ ፍራሼን በዳማዋ ጭና መኪና መሳፈሪያ ድረስ ያመጣችልኝ እሷ ናት።

ተመርቄ ዳንግላ መምህር ሆንኩ። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ አንድ ባልደረባዬ፣ "እህትህ ምን ትሠራለች?" ብሎ ጠየቀኝ። "ቤት ውስጥ ናት፤ አባታችንን ታስታምማለች" አልኩት። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለምን እንደዋጥኩት አውቃለሁ። አፍሬ ነው። እህቱ እያረሰች ያስተማረችው ወንድ መባልን ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ እንደዚያው እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ መጀመሪያ የመጣው በወሬ ነበር። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ከዚያ ሚኒባሶች አንድ ቀን ይሄዳሉ፣ ሦስት ቀን ይቆማሉ። ዳንግላ ውስጥ ጋሪዎቹ ሳይቀሩ ከቀትር በኋላ ከመንገድ ይጠፉ ጀመር። ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ጥቅምት ውስጥ ነበርን፤ ገብሱ ቢጫ እየሆነ፣ የድንቹ ቅጠል ደርቆ ድንቹ ከአፈር የሚወጣበት ጊዜ ነው። ስልክ ስለማይሠራ እህቴና አባታችን እንዴት እንዳሉ ማወቅ አልቻልኩም። ግማሹን መንገድ በመኪና፣ ግማሹን በእግሬ አድርጌ በሁለተኛው ቀን ቤት ደረስኩ።

እህቴ ስታየኝ፣ "ጥሩ ጊዜ መጣህ፤ ድንቹን ታወጣልኛለህ" አለችኝ። እኔ ግን ከመንገድ ያመጣሁትን ፍርሃት መሸከም አቅቶኝ ነበር።

"እታለም፣ እንውጣ" አልኳት። ከልጅነቴ የምጠራት እንዲህ ነው። "አባባን ይዘን ወደ ከተማ እንሂድ። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ሁሉ ጥሩ አይደለም።"

"አባባን በምን ይዘን?" አለችኝ። "ገብሱንስ ማን ያጭደዋል?"

አባታችን ከመደቡ ላይ ሆነው ሰሙን። "እናንተ ሂዱ፣ እኔን እዚሁ ተዉኝ" አሉ።

"እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉ" አለች እህቴ። ነገሩ በዚያው ተቋጨ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወታደሮች መጡ። ብዙ ነበሩ። አካፋና ዶማ ይዘው ታችኛው ማሳ ገቡና ምሽግ መቆፈር ጀመሩ። ከእኛ ድንች ማሳ ሆኖ የወንዙ መሻገሪያም አስፋልቱም ይታያል፤ ለምን እንደመረጡት ለእኔም ገብቶኛል። እህቴ ዶማዋን በትከሻዋ አድርጋ ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። አዛዡን ፈልጋ ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ወንድሜ፣ መቆፈሩን ቆፍሩ፤ መሣሪያ የያዘን ሰው አትቆፍር አልልም። ድንቼን ግን መጀመሪያ ላውጣ።"

አዛዡ በጣም የደከመው ሰው ይመስል ነበር። ማሳውን አየ፣ እሷን አየ። "ጊዜ የለንም እናት" አላት። ከዚያ ሰዓቱን አየት አድርጎ፣ "እስከ ቀትር" አለ። "ከዚያ በኋላ እዚህ እንዳላያችሁ።"

እኛ ከአንድ ጫፍ፣ እነሱ ከሌላው ጫፍ መሬቱን ስንቆፍር አረፈድን። ከወታደሮቹ መካከል ጢሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነበር። ሌሎቹ አካፋቸውን ድንቹ ላይ ሲሰነቅሩ እሱ ዶማውን ከሥሩ ራቅ አድርጎ እየመታ፣ አፈሩን በእጁ እያራገፈ፣ ድንቹን ሳይቆርጥ ያወጣል። ያወጣውን ከምሽጉ አፍ በላይ ይከምራል። እህቴ ከረጢት ይዛ ስትጠጋው ቀና ብሎ፣ "እኛም አገር ድንች አለ" አላት።

"አሁን ማን እያወጣው ነው?" አለችው።

"ሚስቴ" አለ። አንድ ድንች ከአፈሩ አራግፎ ክምሩ ላይ ጨመረና፣ "መሰለኝ" አለ።

እህቴ ከከረጢቱ ትልልቆቹን መርጣ ሰባት ስምንት ያህል ድንች ሰጠችው። ኪሱና ቦርሳው ሞልቶ ስለነበር በኮፍያው ተቀበላት። ቀትር ሲሆን የማሳውን ግማሽ እንኳን አልጨረስንም ነበር፤ ቃላችን ነውና ተውነው።

ውጊያው የተጀመረው በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ ካለች በኋላ ነው። ከወንዙ ማዶ ታጣቂዎች መጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በጆሮ እንጂ በዓይን አላየሁትም። አባታችንን ከመደብ አውርደን መሬት ላይ አስተኛናቸው፤ እህቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተኛን። ጥይቱ እንደ በረዶ ነበር። ከባዱ መሣሪያ ሲተኮስ ከጣራው አፈርና ጥላሸት ይረግፍብናል፤ እህቴ በነጠላዋ የአባታችንን ፊት ትሸፍናለች፣ እሳቸው ይገልጡታል። ስድሳ ዓመት ያዩትን መሬት በድምፅ ይከታተሉ ነበር።

"ይኸ ታችኛው ማሳ ነው" ይላሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "አሁን ደከረንሱ ጋ ደረሱ።" ቆይተው፣ "ገብሱ። ገብሱ ውስጥ ገቡ።"

"አባባ፣ ይተዉ" አለቻቸው እህቴ።

"ደርሶ ነበር እኮ" አሉ። "አንድ ሳምንት ነበር የቀረው።" ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ተኩሱ እየራቀ ሄደ። በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ምሽግ ውስጥ የነበሩት ወደ ኋላ ሄደዋል፤ የመጡትም አልቆዩም፣ አልፈው ሄደዋል። ያን ሁሉ የተዋጉበትን መሬት ከሁለቱ አንዱም አልፈለገው። እህቴ በሩን ከፍታ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

አምባላይዋ ከታሰረችበት ችካል አጠገብ ሞታ አገኘናት። ዳማዋ ገመዷን በጥሳ ወንዙ ዳር ቆማ ትንቀጠቀጥ ነበር። ገብሱ ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹ ተረግጦ ከአፈር ጋር ተለውሷል። የወደቀ ሰው ያለበትን ቦታ ከሩቅ መለየት አያቅትም ነበር፤ ገብሱ እዚያ ላይ በሰው ቁመት ልክ ተጋድሟል። ወታደሮቹንም ታጣቂዎቹንም አየን። የደንብ ልብስ የለበሰ አለ፤ ነጠላ ያደገደገ አለ። ጫማ የሌለው አለ። አንዱ ፊቱን በክንዱ ጋርዶ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው እንዳደረገ ሰው ተኝቷል።

እህቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ጎንበስ ብላ ፊታቸውን ታያለች። የወደቁትን ሁሉ፣ በምሽጉ ውስጥ ያሉትንም፣ አንድ ሳታስቀር አየች። ማንን እንደምትፈልግ የገባኝ ወደ መጨረሻው ላይ ነው።

"ያ ሽበታሙ የለም?" አልኳት።

"የለም" አለች። ከዚያም መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ባለመኖሩ ይሁን ወይ ሌሎቹ በመኖራቸው፣ አልጠየቅኋትም።

ሁለት ቀን ጠበቅን። ሬሳ ሊወስድ የመጣ አልነበረም። ሦስተኛ ቀን ላይ የአካባቢው ሰው ተሰበሰበ፤ ቄሱም መጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ላይ አሁንም ተኩስ ይሰማ ስለነበር፣ ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ መሄድ አይቻልም ተባለ። እንደገና ለመቆፈርም ጊዜ የለም። ሁሉም ወደ ምሽጉ አየ፤ ለመናገር ግን ሁሉም ፈራ። በመጨረሻ አበልጃችን ወደ እህቴ ዞሩ።

"ልጄ፣ መሬቱ ያንቺ ነው። አንቺ ካልፈቀድሽ አይሆንም።"

እህቴ እጇ ላይ የደረቀውን አፈር እያራገፈች ቆየች። "ይረፉ" አለች። "ድንች ያበቀለ አፈር ነው፤ አይከብዳቸውም።"

ከሁለቱም ወገን የሆኑትን ጎን ለጎን አስተኛናቸው። ቄሱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ስማቸውን መጥራት አልቻሉም፤ "ስማቸውን አንተ የምታውቃቸው" እያሉ አለፉ። ሴቶቹ እንደ ዘመድ አለቀሱላቸው። እኔ ያን ቀን አፈር የመለስኩበት እጄ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ይሸተኛል።

ክረምቱ ካለፈ ወራት ተቆጠሩ፤ በጋውን ካወጣነው ድንች ጋር ከዘመድ በተገኘ እህል ገፋነው። እኔ ትምህርት ቤቱ ስላልተከፈተ እዚያው ነበርኩ። መጋቢት ገባ፤ ዝናብ ጣል አደረገ። እህቴ የታችኛውን ማሳ እንደማትነካው ተናግራለች፤ ላይኛውን ግን ማረስ አለብኝ አለች። አበልጃችን በአምባላይዋ ፈንታ ከዳማዋ ጋር የሚጠመድ ፈረስ አዋሷት።

"እታለም፣ አፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ አናውቅም" አልኳት። "የሚያውቅ ሰው መጥቶ እስኪያይልን ድረስ እንቆይ።"

"ማን ይመጣል?" አለችኝ። "ስንት ወር ሆነው፤ ማን መጣ?"

ሁለታችን ማሳውን ዳር እስከ ዳር በእግራችን ዞርን፤ ቀለሃውን ለቀምን፣ የብረት ስብርባሪውን አወጣን። ከላይ የሚታየውን ሁሉ አጸዳን። ከላይ የሚታየውን።

በሁለተኛው የእርሻ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። አዲሱ ፈረስ ቀንበሩን አልለመደምና ሲወራጭ ጠፍሩ ላላ። "ሮጥ ብለህ ከቤት ሌላ ጠፍር አምጣልኝ" አለችኝ። ሄድኩ። ጠፍሩን አገኘሁት። ከዚያ ወዲያው መመለስ ሲገባኝ፣ አባታችን ስለ ትልሙ ሲጠይቁኝ ቆሜ አወራኋቸው። "እንደ ገመድ ቀጥ ያለ ነው" እያልኳቸው ነበር ድምፁን የሰማነው።

አባታችን እጄን ያዙኝ። ከዚያ ለቀቁኝና፣ "ሂድ" አሉ።

እህቴ መጠበቅ አትወድም። በላላው ጠፍር አንድ ትልም ልጨምር ብላ ነው። ማረሻው ከአፈር ሥር ያልፈነዳ ነገር አግኝቶ ነበር። ዳማዋ በዚያ በኩል ስለነበረች አብዛኛውን እሷ ወሰደችው፤ የተዋስነውም ፈረስ አልተረፈም። እህቴን ከትልሙ ውስጥ በጎኗ ተኝታ አገኘኋት። ግራ እግሯ ከጉልበት በታች እግር አልነበረም። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ታየኛለች። ይዤው የመጣሁትን ጠፍር ከጭኗ ላይ አሠርኩት። ለሌላ ነገር ያስመጣችው ጠፍር ነው፤ ሐኪሙ በኋላ በሕይወት ያቆያት እሱ እንደሆነ ነገረኝ።

በቃሬዛ ወደ እንጅባራ ተሸከምናት። መኪና አልነበረም። ስምንት ሆነን አራት አራት እየተቀያየርን ሄድን፤ አበልጃችን በዚያ ዕድሜያቸው ተራቸውን አልዘለሉም። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቆሙን፤ መጀመሪያ ታጣቂዎች፣ ወደ ከተማው ስንቃረብ ደግሞ ወታደሮች። ሁለቱም የጠየቁን ተመሳሳይ ነገር ነው።

"ማናት?"

"እህቴ ናት" አልኩ። "ገበሬ ናት። ስታርስ ነው።"

የመጀመሪያዎቹ አልፋችሁ ሂዱ አሉን። ሁለተኞቹም ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩና፣ ራሳቸው ተሸክመው ኬላውን አሳለፉን።

ሆስፒታል ውስጥ እግሯ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ከግራ እጇ ሁለት ጣቶች ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ዓይኗን ሳትገልጥ አናገረችኝ።

"ኬላው ላይ ገበሬ ናት ስትል ሰማሁህ።"

"አዎ።"

"ለዚያ ዳንግላ ላለው ጓደኛህ ግን ቤት ውስጥ ናት ብለኸው ነበር።"

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ድንች ይዛልኝ ዳንግላ መጥታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትጠብቀኝ ያ ባልደረባዬ አግኝቷት ኖሯል። "ቤት የምትውዪው እህቱ ነሽ? አይሰለችሽም?" ብሏታል።

"ምን አልሽው?" አልኳት።

"አልፎ አልፎ ይሰለቻል አልኩት።" ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም? ይህን ሁሉ ዓመት?"

"ምን ብዬ? ድንቹን በልተኸዋል አይደል?"

ከአልጋው ብረት ላይ ግንባሬን ደግፌ አለቀስኩ። ባልተጎዳው እጇ አናቴን ትነካካኝ ነበር፤ እንደ ልጅነቴ።

ለአባታችን እግሯን ተጎድታለች ብቻ ብለን ነበር። "የትኛውን?" ብለው ጠየቁ። ግራውን አልናቸው። "ትልሙን የምትረግጠው በእሱ ነበር" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። የሚበላ ሲቀርብላቸው ይባርኩታል፣ አይነኩትም። ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ሞቱ። የተለየ በሽታ አልነበረባቸውም። ቀብረን፣ ጸጉሬን ተላጭቼ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩ። እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር የሄድኩት፤ በሩ ላይ ስታየኝ ግን መንገር አላስፈለገኝም። የተላጨውን አናቴን አየች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ማን ገነዛቸው?" አለችኝ።

"አበልጃችን።"

"እግራቸውን አቃንተውላቸዋል?"

"አቃንተውላቸዋል።"

"ደግ" አለች።

አሁን አብራኝ ዳንግላ ትኖራለች፤ የተከራየሁት ቤት ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ የእሷ ነው። ትምህርት ቤቱ እየተከፈተ እየተዘጋ ነው። በሁለት ክራንች መሄድ ተምራለች። መጀመሪያ አካባቢ፣ ዝናብ ሲጥል በር ላይ ወጥታ ቆማ ሰማዩን ታያለች፤ ምን እንደምታስብ ስለማውቅ አጠገቧ አልሄድም ነበር። ማሳው ሁለት ክረምት ጾም አድሯል። ሣሩ ወገብ ደርሷል ይላሉ። ሰዎች ለእኩል እናርሰው ብለው ሲልኩባት፣ "አይሆንም፤ ከብትም አታስገቡበት" ብላ መለሰች። አበልጃችን ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል።

በየማክሰኞው በጋሪ ወደ ወረዳው ቢሮ ትሄዳለች። አፈር ውስጥ የቀረውን የሚያወጡ ባለሙያዎች መቼ እንደሚመጡ ልትጠይቅ ነው። በረንዳው ላይ ከሌሎች ጋር ተራ ትጠብቃለች፤ ማሳቸው እንደ እኛው የሆነባቸው ብዙ ናቸው። "ሰላም ሲሆን ይመጣሉ" ይባላሉ። አንድ ጊዜ ማመልከቻ ጻፉ ተባሉና እኔ ለአሥራ አንድ ሰው ጻፍኩ። ማኅተም ተመታበት፣ የት እንደገባ አናውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ቢሮው ዝግ ነበር። እዚያው በረንዳ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቃ፣ በዝናብ ርሳ ተመለሰች።

ፎጣ ሰጠኋት። "ትንሽ ብታርፊ ምን አለ?" አልኳት። "የሚመጣ ሰው እንደሌለ እያወቅሽ።"

ፀጉሯን ስታደርቅ ቆየችና፣ "ልጆች አሉ እኮ እዚያ" አለችኝ። "አጥር መቼም ልጅ አይመልስም።" ከዚያ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ለሚመጣው ማክሰኞ ለባለ ጋሪው ነግሬ እንዳቆየው አዘዘችኝ።